የኦቦ ዳቢሴ ማኖቬላ

ጎባ ውስጥ ኦቦ ዳቢሴን የማያውቅ የለም፤ ቢኖር እንኳ ላንድሮቨራቸውን ያውቃል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከጎባ ሮቤ፣ ከሮቤ ዲንሾ ሰውም ገብስም ስትጭን የኖረች፣ ቀለሟ የለቀቀ አሮጊት መኪና ነበረች። ሴት ልጆቻቸውን የዳሩት በእርሷ ነው፤ ሼክ ሁሴንን ደጋግመው የዘየሩትም በእርሷ።

ባሌ ራሱን ችሎ ጠቅላይ ግዛት በሆነ በሁለተኛው ዓመት ዐይናቸው ደከመ። አንድ ቀን ዲንሾ መንገድ ላይ ቆመው፣ በሬ የመሰላቸው ጥቁር ድንጋይ እንዲያሳልፋቸው ክላክስ እያደረጉ ሲጠብቁ ቆዩ። በመጨረሻ አንድ ተሳፋሪ ወርዶ ድንጋይ መሆኑን ነገራቸው። መኪናው ሙሉ ሰው ሳቀ፤ እርሳቸው ግን ከዚያ ቀን ወዲያ መሪ አልጨበጡም።

ነጋዴዎች ሊገዟት ተሻሙ። እርሳቸው «ሰው ጭና ነው ያበላችኝ፤ ለታመመ ሰው ትሁን። ሰደቃ ናት» ብለው ሮቤ ላለችው ክሊኒካችን ሰጡን። እኔ የዚያች ክሊኒክ ድሬሰር ነበርኩ፤ ገብረወልድ እባላለሁ። እስከዚያ ድረስ የጠናበትን በሽተኛ ጎባ ወዳለው ሐኪም የምንልከው በቃሬዛ ነበርና፣ ለእርሷ የተቀጠረው ሾፌራችን ፀጋዬ መኪናዋን እየነዳ ግቢ ሲገባ በደስታ ዘለልኩ።

ደስታዬ የቆየው እስከ ማግሥቱ ጠዋት ነው። መኪናዋ አልነሣም አለች። ለካ ባትሪዋ ከሞተ ዓመት አልፎታል። ጎባ ዳገት ስለሆነ ኦቦ ዳቢሴ ከደጃቸው ቁልቁል ለቀቅ ሲያደርጓት በራሷ ትነሣ ነበር። ሮቤ ግን ሜዳ ነው፤ የዝናብ ውሃ እንኳ ወዴት ልፍሰስ ብሎ የሚያመነታበት ሜዳ። ማኖቬላዋን፣ ያችን ከፊት ተሰክታ ሞተሩን በእጅ የምታስነሣ ቆልማማ ብረት ብንፈልግ ከቦታዋ የለችም። ባትሪም ሆነ ሌላ ማኖቬላ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ክረምት መግባቱ ነው። ፀጋዬ ጎባ ድረስ ሄዶ ኦቦ ዳቢሴን ጠየቃቸው።

«ገመዷን ማን ይሰጣል?» አሉት።

በአገራችን ከብት የሸጠ ወይም የሰጠ ሰው ገመዱን ፈትቶ ያስቀራል። ገመዱ ከሄደ የቤቱም ዕድል ተከትሎት ይሄዳል ይባላል። እርሳቸውም ማኖቬላዋን እንደ ገመድ ቆጥረው ግድግዳቸው ላይ፣ ምስማር መትተው ሰቅለዋታል። «ከመኪናዋ በፊት ቤቴ ባዶ ነበር፤ በስተርጅናዬ ወደ ባዶ ቤት ልመለስ?» አሉት። እኔ ቁጡ ነኝ። ፀጋዬ ተመልሶ ሲነግረኝ «አልሸሹም ዞር አሉ! ይሄ መስጠት ነው?» ብዬ ጮኽኩ። ባለቤታቸው አዴ ጁሀራም ከእኔ ወገን ሆነው «ዘወር ሲሉ አውርጄ እልካታለሁ» ብለው ስለዛቱ፣ ሰውዬው ማኖቬላዋን ጋቢያቸው ሥር ሸጉጠው ይዞሩ ጀመር። ገበያም፣ መስጊድም፣ ለቅሶም።

እኛም መኪናዋን በበሽተኛ ማስገፋት ሆነ ሥራችን። ጥርሱን የታመመው በቀኝ፣ እጁ የታሰረው በግራ፣ እኔ ከኋላ። «መርፌ ሳልወጋ ዳንኩ» ብሎ ወደ ቤቱ የሄደም አለ።

አንድ የገበያ ቀን፣ ዝናብ ሲጥል አድሮ ግቢው ጭቃ በጭቃ ሆኖ ሳለ፣ ወዚር የሚባል የዲንሾ ገበሬ ሚስቱን ሽቶን በቃሬዛ አሸክሞ መጣ። ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነው። ሆዷን ብዳስሰው ልጁ ተጋድሟል፤ እኔ የምችለው ነገር አልነበረም። ጎባ ሐኪሙ ዘንድ በቶሎ ካልደረሰች እናትም ልጅም መትረፋቸው ያጠራጥራል። መኪናዋ ውስጥ አስተኝተናት መግፋት ጀመርን። እግራችን ጭቃ ውስጥ ሰመጠ፤ መኪናዋ ግን ንቅንቅ አላለችም።

ቀና ስል ኦቦ ዳቢሴ አጥሩ ጋ ቆመዋል። ለገበያ መጥተው መኪናቸውን ሊያዩ ብቅ ማለታቸው ነው። ጋቢያቸው በጎን በኩል ጉብ ብሏል። ሁላችንም እዚያች ጉብታ ላይ አፈጠጥን። ልሳደብ አፌን ከከፈትኩ በኋላ ፊታቸውን ሳይ ተውኩት። ዐይናቸው አንዴ ወደ መኪናዋ፣ አንዴ ወደ ጉብታዋ ይመላለስ ነበር።

ሽቶ ከውስጥ «ያ ረቢ!» ብላ ጮኸች።

ኦቦ ዳቢሴ ጋቢያቸውን ጭቃው ላይ ጣሉት። ማኖቬላዋን ሰክተው፣ «ቢስሚላሂ» ብለው አንዴ አዞሩ፣ ሁለቴ አዞሩ፤ በሦስተኛው መኪናዋ አስነጥሳ ተነሣች። ግቢው በእልልታ ተናወጠ። ብረቷን ነቅለው ለፀጋዬ ሰጡትና፣ «ያዝ፣ ገመዷም ይኸው። መኪናዋን ገና አሁን ሰጠኋችሁ» አሉት። ደስ ብሎኝ አለቀስኩ፤ ማልቀሴንም አልደብቅም።

ሽቶ የዚያኑ ቀን ጎባ፣ ሐኪሙ እጅ ላይ፣ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። ኦቦ ዳቢሴ ግን ባዶውን ምስማር እያዩ ከረሙ። ዶሮ ባነከሰች ቁጥር «ይኸው ጀመረ!» ይላሉ ብለው አዴ ጁሀራ እየሳቁ አጫወቱኝ።

በሁለተኛው ወር፣ ቤታቸው ልጠይቃቸው ሄጄ ደጅ ተቀምጠን ሳለ፣ ወዚር ገመድ እየሳበ መጣ። በገመዱ ጫፍ ቀይ ጊደር፣ ከጊደሯ ኋላ ሽቶ ሕፃኗን አዝላ።

«ኦቦ፣ አካም ጅርቱ? ይቺ ጊደር የእርስዎ ናት» አለ ወዚር።

ኦቦ ዳቢሴ ጊደሯን ከጆሮዋ እስከ ጭራዋ ዳበሷት። መርቀውት ሲያበቁ፣ ገመዱን ሊፈቱ ወደ አንገቷ ጎንበስ አሉ። «በል ገመድህን ውሰድ፤ ዕድልህ እንዳይከተላት።»

ወዚር እጃቸውን ያዛቸው። «ገመዱም ከእርሷ ጋር ነው፣ ኦቦ። የእኔ ዕድል ያቻት፣ አንቀልባ ውስጥ ተኝታለች።»

ኦቦ ዳቢሴ ከት ብለው ሳቁ፤ እየሳቁም እንባቸው በጢማቸው ላይ ወረደ። ጊደሯን በረት ካስገቡ በኋላ ገመዱን ጠቅልለው ገቡና፣ ማኖቬላዋ ተሰቅላበት በነበረው ምስማር ላይ ሰቀሉት።