በጆሮ ያነበበችው መጽሐፍ

በማተሚያ ቤቱ ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም፤ ሁሉም «ነጠላ ሰረዝ» ነበር የሚሏት። ሥራዋ እርማት ነው። ከማሽን ትኩስ የወጣ ወረቀት ጠረጴዛዋ ላይ ሲደርስ ቀይ እስክሪብቶዋን ይዛ ታቀረቅራለች፤ የጎደለውን ፊደል ትሞላለች፣ የተረፈውን ትሰርዛለች። ከሁሉ ይበልጥ የምትጨቀጭቀው ግን ስለ ነጠላ ሰረዝ ነበር። «አንባቢ እዚህ ጋ ካልተነፈሰ ታፍኖ ይሞታል» ትላለች። ቅጽል ስሙን ያወጣላት መጽሐፍ ጠራዡ ነው። ጠራዡ ለሰው ሁሉ ስም ሲያወጣ ኖሮ ለራሱ ሳያገኝ ጡረታ የወጣ ሰው ነው።

ከጡረታ በኋላም አልተለያዩም። ቅዳሜ ከሰዓት እሷ፣ ጠራዡ፣ ፊደል ለቃሚውና ማሽኒስቱ አንድ ሻይ ቤት ጥግ ይዘው ይቀመጣሉ። የጨዋታቸው ሕግ አጭር ነው፤ እያንዳንዱ ተራው ሲደርስ «በእጄ ያለው» ብሎ የያዘውን መጽሐፍ ይናገራል። ጠራዡ የወንጀል ምርመራ ካልሆነ እንቅልፍ ይወስደዋል። የእርሳስ ፊደል ሲደረድር ኖሮ ጣቶቹ የጠቆሩት ለቃሚ ደግሞ ከታሪክ በቀር ሌላውን «ወሬ ነው» ይላል። ማሽኒስቱ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ከጀመረ ዓመት አልፎታል፤ ሲጠየቅ «እየሄድኩ ነው» ብሎ ሻዩን ያማስላል። ነጠላ ሰረዝ ያገኘችውን ሁሉ ታነብ ነበር፤ በእሷ ተራ ጊዜ ሻዩ ይቀዘቅዛል።

ዓይኗ መድከም ሲጀምር መጀመሪያ በመብራቱ አሳበበች፣ አምፖል አስቀየረች። ቀጥላ መነጽሩን ወቀሰች። በኋላ ግን መስመሮቹ እርስ በርስ እየተያያዙ ሄዱ፤ ገጹ የረጠበ ጋዜጣ መሰላት። አብራት የምትኖረው ታናሽ እህቷ ክንዷን ይዛ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት። የዓይን ነርቩ ነው ተባለ። ዓይኗ ውስጥ መድኃኒት ጨምረውባት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሳለ ሐኪሙ እህትየውን ኮሪደር ላይ ለብቻዋ አነጋገራት።

«ምን አለሽ?» አለቻት ነጠላ ሰረዝ ሲመለሱ።

«ጠብታውን ካላቋረጥሽ ባለበት ይቆማል አለኝ፣ እትዬ።»

ነጠላ ሰረዝ ጠብታውን አላቋረጠችም። ቅዳሜን ግን አቋረጠች። ጓደኞቿ ሲያስጠሯት «ባዶ እጄን መጥቼ ምን ልበል?» ብላ መለሰች። ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ሥር ትቀመጣለች፤ ጉልበቷ ላይ መጽሐፍ ይኖራል፣ አይገለጥም።

አንድ ቀን ጠራዡ ደረጃውን እያለከለከ ወጥቶ መጣ። ከኪሱ የሳሙና ቁራጭ የምታክል ማጫወቻ አውጥቶ መዳፏ ላይ አስቀመጠላት።

«ልጄ ናት የሞላችልኝ» አለ። «የጨረቃዋ ጣቢያ ታሪክ ነው። ያ እኛው ያተምነው።»

አስታወሰችው። ገና በወጣትነቷ ያረመችው የሳይንስ ልብ ወለድ ነው፤ ያኔ ያላነበበው ሰው አልነበረም። ሰው ሁሉ ሲወደው ለካሴት ተነበበ፤ ካሴቱም በጠራዦቹ ክፍል ሲዞር ይውል ነበር፤ እሷ ግን በወረቀት መቁረጫው ጩኸት ግማሹን አልሰማችውም።

«መስማት ማንበብ አይደለም» አለችና መለሰችለት።

«አውቃለሁ። ለእህትሽ ነው ያመጣሁላት።»

«ለእሷ? እሷ ከመድኃኒት ማዘዣ ሌላ ያነበበችው የለም።»

እህትየው ልብስ ሰፊ ናት። ስፌት መኪናዋ እዚያው ክፍል ውስጥ በሩ አጠገብ ነው፤ «መጽሐፍ ሆድ አይሞላም» የምትለው አባባል አላት። ያን ዕለት ግን ቀና ሳትል፣ «ይተዉት፤ ሥራዬን እየሠራሁ ይጮህልኛል» አለች። ጠራዡ መክፈቻውን አሳይቷት ሄደ።

እንዲህ ሆኖ ተጀመረ። የአንባቢው ድምፅ ጎርነን ያለ፣ የማይቸኩል ነበር። ነጠላ ሰረዝ መጀመሪያ እንደ አራሚ ነበር የሰማችው፤ የት እንደሚቆም፣ የት እንደሚያነሳ፣ የት እንደሚውጥ ተከታተለች። ስህተት ስትፈልግ ቆይታ፣ መፈለጓን ረስታ ተገኘች።

ታሪኩ በአንዲት ጨረቃ ላይ ስላለ የመልእክት ጣቢያ ነው። ጠባቂዋ አንዲት ሴት ናት። ከብዙ ዘመን በፊት ወደ ሩቅ ኮከብ የሄደች መርከብ አለች፤ ተጓዦቹ ወደ ምድር የሚልኩት መልእክት በእሷ በኩል ያልፋል፣ የምድርም መልስ እንዲሁ። አንድ መልእክት ለመድረስ ዓመታት ይፈጅበታል። አንድ ቀን ምድር ዝም ትላለች። ሴትዮዋ ትጠብቃለች፣ ትጣራለች፤ ምንም የለም። ከመርከቧ ግን ጥያቄው መምጣቱን አያቆምም፤ ዝናቡ እንዴት ነው? ሰፈራችን አለ? እሷም ከራሷ እየፈጠረች ትመልስ ጀመር፤ ዝናቡ ጥሩ ነው፣ የእገሌ ልጅ አገባች፣ ድልድዩ ታደሰ።

ነጠላ ሰረዝ በጣም ገረማት። ይህን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ደጋግማ አርማዋለች፤ ሴትዮዋ ብቻዋን መሆኗ ግን አንድም ቀን ታይቷት አያውቅም። ያኔ ፊደሉን ነበር ያየችው። «ለካ አላነበብኩትም» አለች ለራሷ።

የስፌት መኪናው ድምፅ እየሳሳ መምጣቱንም ያስተዋለችው በዚያ ሰሞን ነው። መጀመሪያ እህትየው ክር ስታስገባ ትቆያለች፤ ቆይቶ ክር ሳታስገባም ትቆያለች። አንድ ቀን ጠዋት ሲከፍቱት ነጠላ ሰረዝ የማታውቀው ቦታ ላይ ጀመረ።

«ይሄ ትናንት ያቆምንበት አይደለም» አለች።

እህትየው መቀሱን አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው።

«ቀድመሽኝ ሄድሽ እንዴ?»

«ገበያ ስሄድ ኪሴ ውስጥ ነበር። ትንሽ ነው የሰማሁት።»

«መጽሐፍ ሆድ አይሞላም አላልሽም?»

«ሆድማ አይሞላም፤ እንደውም ድንቹ አርሮብኛል።»

ነጠላ ሰረዝ ሳቀች። ከታመመች ወዲህ ድምፅ አውጥታ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር። ወደ ኋላ መለሱትና አብረው ሰሙ።

ሴትዮዋ ለመርከቧ የምትልከው ወሬ እየበዛ፣ እያማረ ሄደ። ከዚያ ሕፃን ሆኖ መርከቧ ላይ የተሳፈረ፣ አሁን ያረጀ አንድ ሰው፣ «እውነቱን ንገሪኝ» የሚል መልእክት ላከ። አንባቢው እዚህ ላይ ሲደርስ ድምፁ ቀጥ አለ፤ የዘጋችው እህትየው ነበረች።

«ምነው?»

«ደከመኝ። ነገ እንሰማዋለን።»

«ጠዋት ነው እኮ። ደግሞ አንቺ ሰምተሽዋል።»

እህትየው ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች። ነጠላ ሰረዝ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች፤ እህቷ የምትታያት እንደ ጥላ ብቻ ነው።

«ሐኪሙ ኮሪደሩ ላይ ምን አለሽ?»

«ነገርኩሽ እኮ፣ እትዬ።»

«የነገርሽኝን አይደለም። እሱ ያለሽን ነው።»

እህትየው ሁሉንም ነገረቻት። ጠብታው ቢያዘገየው እንጂ አያቆመውም፤ ቀስ እያለ ጨርሶ ይጠፋል፤ መቼ እንደሆነ አይታወቅም።

«ዓይኑ የማን ነው?» አለች ነጠላ ሰረዝ።

«ያንቺ።»

«ወሬውስ የማን ነበር?»

«አልጋ ላይ ትወድቂብኛለሽ ብዬ ፈራሁ። አንዴ ከዋሸሁ በኋላ ደግሞ መመለሻው ጠፋኝ።»

ከዚያ በኋላ ቤቱ ተኳረፈ። ምግብ ይቀርባል፣ ይነሳል። «ውሃ አለ?» «አለ።» ከዚህ ያለፈ ቃል የለም። የስፌት መኪናው ጠዋት ማታ ሲንኳኳ ይውላል፤ ሠርጋቸው የደረሰ ሙሽሮች ያሉባት ትመስላለች። ነጠላ ሰረዝ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የምትናደደው በእህቷ ነው ወይስ በነርቩ፣ ለራሷም አልለይ አላት። ሳልታወር ላየው የምፈልገው ነገር ነበረ ወይ ብላ አሰበች። አዎ፣ ነበረ። የእናታቸው ፎቶግራፍ፤ አንዳንድ ገጾች፤ የእህቷ ፊት። ፎቶግራፉን አወረደችና አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ እያዘነበለች አየችው፤ እስኪበቃት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እጇን መደርደሪያው ላይ ሰዳ ማጫወቻውን አገኘችው። ስትጫነው ከመጀመሪያው ጀመረ። ደግማ ተጫነች፤ አሁንም ከመጀመሪያው። መኪናው ቆመ። እህትየው መጥታ አጠገቧ ተቀመጠችና ሳትናገር ቦታውን ፈልጋ አገኘችላት።

መጨረሻው አጭር ነው። ሴትዮዋ ለሽማግሌው እውነቱን ትልካለች። የእሱ መልስ የሚደርሰው እሷ ከሞተች በኋላ እንደሆነ ታውቃለች። ጣቢያውን አጽድታ ወንበሯ ላይ ትቀመጣለች፤ አለቀ።

«በቃ?» አለች እህትየው። «ይቅር ይሏታል አይሏትም?»

«አልተጻፈም።»

«አንቺስ?»

«ሰኞ ሐኪሙ ጋ ትወስጂኛለሽ። እኔ ነኝ የምጠይቀው። አንቺ ዝም ብለሽ ትቀመጫለሽ።»

«እሺ።»

ሰኞ ሄዱ። ሐኪሙ ያንኑ ለእሷ ደገመላት። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጆሮዬስ? ጆሮሽ ደህና ነው አላት።

ቅዳሜ ከእህቷ ጋር ሻይ ቤቱ ስትገባ ጠራዡ ወንበር ሳበላት። ተራው ሲደርሳት «በእጄ ያለው የለም፤ በጆሮዬ ያለውን ልንገራችሁ» አለችና ጀመረች። ስትጨርስ ለቃሚው አገጩን አሸት አደረገ።

«ሴትዮዋ ውሸታም ናት» አለ። «ሰነድ ነው ያበላሸችው።»

«እርስዎ ብቻዎን ጨረቃ ላይ ኖረው ያውቃሉ?» አለች እህትየው።

ሁሉም ዞረው አዩዋት። እስከዚያች ሰዓት ሻይ ከማዘዝ በቀር አልተናገረችም።

«አላውቅም» አለ ለቃሚው።

«ታዲያ ቀስ ይበሉ። ጥፋትማ አጥፍታለች፤ እኔም እላለሁ። ግን ክፋት ብለው አይጻፉባት።»

እየተከራከሩ ወደ ማምሻው ሆነ። ነጠላ ሰረዝ አልገባችበትም፤ ስኳሩን ፈልጋ አገኘችና ሻይዋን አጣፈጠች።

ዓይኗ ጨርሶ የጠፋው ከዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ያኔ ቤቱን በእጇ ለምዳው ነበር፤ ጠራዡም ብዙ ታሪክ አምጥቶላቸው ነበር። ሁለቱ እህትማማቾች የሚጣሉት አሁን ቀጥሎ በሚሰማው ነው። ትልቋ ሌላ ኮከብ ትፈልጋለች፤ ታናሿ ደግሞ ምድር ላይ ያለ፣ ጋብቻ ያለበት ቢሆን ትላለች።