የተገዘተ ቤት

ሌላው ሰው ቤቱን ጸበል ያስረጫል። እናቴ አስገዘተችው።

ታናሽ ወንድሜ ወደ ግንባር ከመሄዱ በፊት ሊሰናበተን የመጣ ቀን ነው። እናቴ ዶሮ እንዲሠራለት አዘዘች፣ ሽንኩርቱን ስትከትፍ፣ ወጡን ስታማስል የዋለችው ግን ባለቤቴ ናት። ባለቤቴ ያኔ ስልክ ከተቆረጠበት አገር የመጣች ናት። እናትና አባቷን በልጅነቷ ቀብራለች፤ የቀራት አንድ ወንድም ነው፣ እሱም በዚያኛው ወገን ጠመንጃ አንሥቷል። ይህን ወንድሜ አሳምሮ ያውቃል። እያወቀ፣ በምግቡ መሀል ቴሌቪዥኑን እያየ፣ «እነዚህን ጠራርገን ካላስወጣን» ብሎ ጀመረ። ባለቤቴ ለእሱ ያጠቀለለችውን ጉርሻ ወደ ትሪው መለሰችው።

«እነዚህ ማለት እነማን ናቸው?» አለችው።

ከዚያ በኋላ የተባባሉትን አልጽፈውም። ሁለቱም የልባቸውን ነው የተናገሩት፣ የከፋውም እሱ ነው።

እናቴ ነጠላዋን ደርባ ወጣች። ጎረቤት ሄዳ እስኪበርድ የምትጠብቅ መስሎን ነበር። እሷ ግን የነፍስ አባታችንን ይዛ ተመለሰች። አባ ከጊዮርጊስ እስከ እኛ ሰፈር ያለውን ቁልቁለት በዚያ በደከመ ጉልበታቸው ወርደው ቁና ቁና ይተነፍሳሉ። ቡራኬ እንኳ ሳያስቀድሙ መስቀላቸውን አወጡ። «በዚህ ጣሪያ ሥር ስለዚህ ጦርነት ያወራ፣ ማን ሞተ ማን ገደለ ብሎ ያነሣ፣ በአባቶች ቃል የተገዘተ ይሁን» አሉ። አራታችንም ተራ በተራ መስቀሉን ተሳለምን። ወንድሜ በማግስቱ ሄደ።

እናቴ በግዝት አትቀልድም። በልጅነቷ አንድ ጎረቤታቸው ግዝት አፍርሶ ሳይፈታ ስለሞተ፣ ፍትሐት ተከልክሎ ያለ ካህን ሲቀበር በዓይኗ አይታለች። እኛን ሰላሳ ጊዜ ነግራናለች፤ በነገረችን ቁጥር መጨረሻው ላይ ድምፅዋ ይቀንሳል።

ቤቱ ጸጥ አለ። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም። ቀን ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ባለችኝ ሱቅ ሻንጣና ቦርሳ ስጠግን እውላለሁ፤ ዚፕ የተሰበረበት ሰው ሁሉ ዚፑን ትቶ ስለ አገር ሲተነትንልኝ ነው የሚመሸው። ማታ ጆሮዬ ቢያርፍ ምን አለበት? ግን ዝምታው እየሰፋ መጣ። ጤፍ ለምን ጨመረ ብሎ የጀመረ ሰው ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳይሄድ ግንባር ይደርሳል፤ ስለዚህ ጤፍም ቀረ። ዘይትም ቀረ። ዜና ሲጀምር እናቴ «እስቲ ውሃ ስጡኝ» ትላለች፣ ሁለታችንም እንነሣለን። ሳይጠማት ስንት ብርጭቆ ውሃ እንደ ጠጣች እግዜር ይወቀው። ባለቤቴ ቁርስ ላይ ዓይኗ አብጦ ከመጣ «ጉንፋን ነው» ትላለች። በገዛ ሳሎኔ ታፍኜ ነበር። በር የቆለፈብን የለም፣ መስኮቱም ይከፈታል።

የቀረን ቤተ ክርስቲያን ነው። ባለቤቴ ፒያሳ ኬክ ቤት ካሸር ናት። የምሳ እረፍቷ ሲደርስ ከሱቄ እወጣና ምኒልክ አደባባይ ላይ ተገናኝተን እንገባለን። ቅዳሴ ካለቀ በኋላ በዚያ ሰዓት ሰው የለም፤ አንድ ሁለት አሮጊቶች ግድግዳ ተደግፈው ይጸልያሉ፣ አልፎ አልፎ ከውጭ የመኪና ጡሩምባ ይሰማል። ጫማችንን አውልቀን እሷ በሴቶች፣ እኔ በወንዶች በኩል እንቆማለን። ግንባሯን ምሰሶው ላይ አስደግፋ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል። የምትለው አይሰማኝም። ለማን እንደምትጸልይ ግን አውቃለሁ ብዬ አስብ ነበር።

እኔስ? አገራችንን ሰላም አድርግልን እላለሁ፤ እሱ ቀላል ነው፣ ሁሉም ይለዋል። ወንድሜ ላይ ስደርስ ነው የምያዘው። «ጠብቀው» እላለሁ። ከማን? ከሚስቴ ወንድም ነው እንዲጠብቅልኝ የምለምነው። እሷም እዚያ ማዶ ሆና ወንድሟን ከወንድሜ እንዲጠብቅላት ትለምናለች። ሁለታችንም አንድ ሥዕል ፊት ነው የቆምነው። ጊዮርጊስ ፈረሱ ላይ ሆኖ ሁለታችንንም ያየናል፣ ምን ያድርገን? ጸሎቴን ከመሀል አቋርጬ ጫማዬን የምፈልግበት ቀን ይበዛ ነበር።

መርዶውን የሰማሁት አትክልት ተራ ነው። ገበያው ተዛወረ፣ ስሙ ግን እዚያው ቀርቷል። የባለቤቴ አገር ሰው የሆኑ ሽማግሌ እዚያ ሚዛን ይሸጣሉ። እግረ መንገዴን ሰላም ስላቸው እጄን አለቀቁትም።

«ብቻህን ነህ?» አሉኝ።

«ብቻዬን ነኝ፣ ጋሼ።»

«ልጅቷ ወንድም ነበራት አይደል?»

«ነበራት» ማለታቸው በቃኝ። ቀብሩ ላይ የነበረ ሰው ከዚያ አገር በእግሩ ወጥቶ እዚህ ደርሶ ነግሯቸዋል። እሳቸው ቤታችን ያልመጡት ግዝቱን ባለቤቴ ራሷ ስለነገረቻቸው ነው። «እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» ብለው እጄን ለቀቁኝ። ምን እንደማውቅ አልገባኝም።

መንገድ ላይ ልነግራት እችል ነበር። ግዝቱ ከጣሪያው ውጭ አይደርስም። ግን መርዶ በወጉ ነው የሚነገረው፤ በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ደግፎ የሚይዝ ዘመድ ግራና ቀኝ ቆሞ። ደግሞስ መንገድ ላይ ብነግራት የት ገብታ ታልቅስ? ልቅሶ ቤት ይፈልጋል። ለቀስተኛው ሁሉ ገብቶ የሚጠይቀው «በምን ሞተ?» ብሎ ነው። ቤታችን ያንን ጥያቄ አይችልም።

አባ ጋ ሄድኩ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ባለችው ክፍላቸው ዳዊት ሲደግሙ አገኘኋቸው። መርዶውን ስነግራቸው በጋቢያቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

«አባ፣ ግዝቱን ይፍቱልን» አልኳቸው።

«አራታችሁ ናችሁ የተሳለማችሁት፣ ልጄ። የምትፈቱትም አራታችሁ ስትቀርቡ ነው።»

«አንዱ እኮ ግንባር ነው።»

«አውቃለሁ። በየቀኑ ስሙን እጠራዋለሁ።»

«እሱ እስኪመጣ ይቺ ልጅ ወንድሟን አታለቅስም ማለት ነው?»

«ሥርዓት ነው» አሉኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፤ ከቃላቸው ግን ንቅንቅ አላሉም። ተናድጄ እጅ ሳልነሣ ወጣሁ። ወንድሜ ካልመጣ አንፈታም፣ ጦርነቱ ካላበቃ ወንድሜ አይመጣም፣ ጦርነቱ እንዲያበቃ የምንጸልየው ደግሞ እኛው ነን፤ ያውም እርስ በርሳችን እየተካሰስን።

ከዚያ ወዲያ ቤተ ክርስቲያን መግባት ራሱ ጭንቅ ሆነብኝ። ባለቤቴ ምሰሶዋ ጋ ቆማ ለሞተ ሰው ጤና ትለምናለች። አንድ ቀን ስንወጣ «ዛሬ ልቤን ቀለለኝ፣ ደህና ነው መሰለኝ» አለችኝ። ምን ልበላት? ጫማዋን አቀበልኳት።

ከዚህ በላይ ስላልቻልኩ እናቴን «እስቲ እስከ በር ነይ» ብዬ ከግቢው አወጣኋት። በቅያሱ ላይ ነገርኳት። አጥሩን ይዛ ቆመች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የያዝከው?»

«ሳምንት አለፈው።»

«ትናንት ማታ እኮ እግሬን አጠበችኝ» አለች። ደጋግማ አለችው። እግሯን ዝቅ ብላ ታየዋለች። «ወንድሟ አፈር ገብቶ፣ እግሬን አጠበችኝ።» ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ፣ «እኔ ነኝ የምነግራት። እቤት ግን አይሆንም። ነገ በምሳ ሰዓት ይዘሃት ና» አለችኝ።

በማግስቱ ስንገባ እናቴ ቀድማን ደርሳለች። ከባለቤቴ ምሰሶ ሥር ቆማ፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋ ለብሳለች። ነጠላ ዘቅዝቆ መልበስ ምን እንደሆነ ሕፃን ልጅ ያውቃል። ይህንን አስቀድማ አልነገረችኝም። ባለቤቴ ደጃፉ ላይ ባየቻት ጊዜ አንድ ጫማዋን ብቻ አውልቃ ሮጠች።

«ልጅዎ ነው? እማማ፣ ልጅዎ ነው?»

እናቴ አፏን ልትከፍት ስትል ባለቤቴ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። «ወንድሜን!» አለች። የእኔን ወንድም የቤት ስም፣ እናቴ ብቻ የምትጠራበትን፣ እየጠራች ደረቷን ትደቃለች። «ሳንታረቅ ሄደብኝ፣ እማማ። ጉርሻውን ከለከልኩት። እዚህ ቆሜ በየቀኑ ለሁለቱም ለመንኩ እኮ፣ ለሁለቱም!»

እኔ ከበሩ አልተንቀሳቀስኩም። አሮጊቶቹ ቀና ብለው አዩን። እናቴ የባለቤቴን ሁለት እጆች ከደረቷ ላይ ያዘቻቸው።

«የኔ አይደለም፣ ልጄ። የኔው አለ» አለቻት። «ያንቺው ነው።»

የባለቤቴ እንባ ገና ለእኔ ወንድም እየወረደ ነው። ወደ እኔ ዞራ አየችኝ፣ እኔም አቀረቀርኩ። ትጮኻለች ብዬ ነበር፤ አልጮኸችም። ያ ቤት ዝምታን በደንብ አስተምሯታል።

ግራና ቀኝ ደግፈን ወደ ቤት ወሰድናት። በቅያሱ የሚያልፈው ሰው የእናቴን ነጠላ እያየ መንገድ ይለቅልናል። ግቢው በር ላይ ስንደርስ ቆመች።

«እማማ» አለች ቀስ ብላ፣ «እዚህ ውጭ ትንሽ ላልቅስና ልግባ?»

እናቴ በሩን ከፈተችው። ቀድማን ገባች፣ ሳሎኑ መሀል ቆመች፣ ወደ ጣሪያው ቀና አለች። «ጦርነት ልጄን ገደለው!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ወደ ባለቤቴ ዞራ፣ «ግቢ። ቤትሽ ገብተሽ አልቅሺ፣ ስሙን ጥሪው፣ ማን እንደገደለውም ተናገሪ። ግዝቱ በኔ ይሁን» አለቻት። ባለቤቴ ገብታ ወለሉ ላይ ወደቀች። ያን ጊዜ የወጣውን ድምፅ የሰማ ጎረቤት ሁሉ መጣ።

አባ አሁንም አራታችሁ ስትመጡ ይላሉ። ወንድሜ ገና አልመጣም፣ ወሬውም ከጠፋ ቆይቷል። እናቴ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አትገባም፤ አሁን ከውጭው አጥር በር ላይ ቆማ ትሳለማለች። ምሰሶዋን ትታ ባለቤቴም እሷ ጋ ትቆማለች። እኔ ብቻዬን እገባለሁ። ስወጣ ባለቤቴ ሁልጊዜ አንድ ነገር ትጠይቀኛለች።

«ጸለይክለት?»

መጀመሪያ ቀን «ለማን?» አልኳት።

«ለወንድሜ ነዋ» አለችኝ። «ይምጣና እማማን እናስፈታ።»