ከቁርስ በኋላ የሚከፈቱት የወፍጮው በሮች

ሥራ የገባሁበት ቀን የለበስኩት ካርቱም ማዮ ሰፈር ውስጥ ፍሪጅ ስጠግንበት የነበረውን ቱታ ነው። ወርክሾፑ ባሕሪ በተባለው የፋብሪካዎች ሰፈር ነበር፤ የማሽን መቆጣጠሪያ ፓናል ይሠራል። አለቃዬ ባሽሙሃንዲስ (ኢንጂነር) ሐሰን የአዲስ አበባ ዲፕሎማዬን ገለባበጡና፣ "ወረቀቱ ከዊስ፣ ጥሩ ነው፣ ያ ዳውድ። ሥራህን ደግሞ እናያለን" አሉኝ። ዳዊት መባሌ በዚያው ቀረ።

መፈተኛዬ አንድ ዱቄት ፋብሪካ ሆነ። የድሮው ሰሌዳ ማብሪያዎቹ እንዳሉ ሆነው ውስጡ ፒኤልሲ በሚባል የመቆጣጠሪያ ኮምፒውተር ሊተካ ነው። በየቧንቧው ላይ በአየር ግፊት የሚከፈቱ በሮች አሉ፤ እያንዳንዱን በር ሶሌኖይድ የተባለ አንድ የኤሌክትሪክ ቫልቭ ያዘዋል፣ እያንዳንዱ ሶሌኖይድ ደግሞ አንድ ዲጂታል መውጫ ያስፈልገዋል። መውጫው ወይ ያበራል ወይ ያጠፋል፣ ሌላ ሙያ የለውም። ከሥዕሉ ላይ ስቆጥር ወደ መቶ ሠላሳ ደረሱ። መውጫዎቹን የሚይዝ ስንት ካርድና ኤሌክትሪኩን የሚመግብ ምን ያህል ፓወር ሰፕላይ እንደሚበቃ መወሰን የኔ ድርሻ ነበር።

"ይህ ከተሳካ ኢቃማህ በኛ ስም ይወጣል" አሉኝ ባሽሙሃንዲስ። "ካልተሳካ፣ አላህ ከሪም።"

የመኖሪያ ፈቃዴ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም ነበር። ፈርቼ ነበር፣ ምን ይደበቃል።

የፋብሪካው ሥዕል በአንድ ጊዜ የሚሠሩት በሮች ግማሾቹ ብቻ ናቸው ይላል። እሱን አምኜ ባለ ሃያ አምፔር ሰፕላይ መረጥኩ። ባሽሙሃንዲስ ግን ፋብሪካውን ሳላይ አይፈርሙልኝም።

ከእሳቸው ጋር የሄድኩት ረቡዕ ነው። ረፋዱ ላይ የፈቱር ሰዓት ደረሰ፤ ካርቱም ውስጥ ለዚህ ቁርስ የማይቆም ሥራ አላውቅም። ኦፕሬተሩ ዓም ኢድሪስ፣ ሁሉ "አጎቴ" የሚላቸው፣ ጢማቸው የሸበተ ጨዋታ አዋቂ፣ ማብሪያዎቹን ሁሉ ዝቅ አድርገው ወደ ፉሉ ትሪ ጠሩኝ።

"ተፈደል፣ ያ ወለዲ!"

"ጾም ነኝ፣ ዓም ኢድሪስ።"

"ረመዳን እኮ ገና ነው!"

"የኛ ረቡዕ ደርሷል።"

ሳቁብኝ። ሆዴ እየጮኸ ሰሌዳው አጠገብ ቀረሁ።

በልተው ሲመለሱ ዓም ኢድሪስ "ያላ ያ ጀማዓ!" አሉና ማብሪያዎቹን በመዳፋቸው ረድፍ በረድፍ ወደ ላይ ጠረጓቸው። የወፍጮው በሮች ሁሉ ባንዴ ተንቋቁ። ክው አልኩ። የመረጥኩት ሰፕላይ የግማሹን ጭነት ብቻ ስለሚችል፣ ቢገጠም ኖሮ በየቀኑ ከፈቱር በኋላ ይወድቅ ነበር።

የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ፣ ወጣቱ ሙዲር፣ ነገሩን አቃለለው። "አንድ በአንድ እንዲያበሩ እናዛለን።"

ባሽሙሃንዲስ ከት ብለው ሳቁ። "ዓም ኢድሪስን? ፉል ከበሉ በኋላ?" ወዲያው ወደ እኔ ዞሩ። "ሙቀቱንስ አስበኸዋል? እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካርድ ሙሉ አይጫንም።"

አላሰብኩትም ነበር። ከእያንዳንዱ ባለ አሥራ ስድስት መውጫ ካርድ በአሥሩ ብቻ ተጠቀምን፤ ካርዱ አሥራ ሦስት፣ ሰፕላዩ ባለ አርባ አምፔር ሆነ። ሙዲሩ የከፈለባቸውን ባዶ ቀዳዳዎች እያየ አጉረመረመ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ያስረከብነው ሐሙስ ቀን ነው። ጾም ስላልነበረ ትሪው ዙሪያ ተቀመጥኩ፤ እየበላሁ ግን ሰሌዳውን አያለሁ። ዓም ኢድሪስ እጃቸውን ታጥበው መጡና እንደ ልማዳቸው ማብሪያዎቹን ጠረጓቸው። የካርዶቹ መብራቶች ከዳር እስከ ዳር በሩ። በሮቹ ተንቋቁ። ምንም አልወደቀም።

ባሽሙሃንዲስ ካርዶቹን አንድ በአንድ ዳሰሱ። "ሞቀዋል እንጂ አልጋሉም" አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ሳያዩ፣ "ቅዳሜ ለኢቃማው ሁለት ጉርድ ፎቶ ይዘህ ና።"

ደስታዬን ዋጥ ማድረግ አልቻልኩም፤ ዓም ኢድሪስን አቅፌ ሳምኳቸው።

ለዚህ ሙያ ጀማሪዎች የምለው አጭር ነው። መውጫዎቹን ከሥዕሉ ላይ ቁጠሩ። ስንቱ ባንዴ እንደሚበራ ግን ሠራተኞቹ ከቁርስ ሲመለሱ ቆማችሁ እዩ።