«ትሄዳለች»

ይህ ያጋጠመኝ ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ነው። አንዲት ተራ ቃል ስሰማ ዛሬም ቆም የምለው በዚያ ቀን ምክንያት ነው።

ቢቸና ሦስተኛ ክፍል አስተምራለሁ። የምሥራች የምትባል ተማሪ ነበረችኝ። እያነበበች በመሃል ዝም ትላለች፤ ዐይኗ እንደተከፈተ፣ ጣቷ ፊደሉ ላይ እንዳረፈ ትቀራለች። ስትመለስ የት እንደደረስን ይጠፋባታል። እኔም ልጅ ሳለሁ መስኮት እያየሁ በሐሳብ የምጠፋ ስለነበርኩ፣ ሕልመኛ መስላኝ ወደድኳት። ነገር ግን ፈተና እየወደቀች ስለነበር ክፍል መድገሟ የማይቀር መሰለ።

እናቷን እትዬ ጥሩዬን ሳነጋግራቸው፣ «ምን ላድርግ ልጄ፣ ትሄዳለች» አሉኝ፤ በሐሳብ ማለታቸው መሰለኝ። ቀድሞ ይጥላት ለነበረው ሕመም ሞጣ እየተመላለሰች መድኃኒት እንደምትወስድ፣ መውደቁም እንደቀረላት ነገሩኝ። ከዚያ በላይ መጠየቅ አፈርኩ።

አንድ ቅዳሜ አክስቴን ልጠይቅ ወደ ሞጣ ተሳፈርኩ። ግንደወይን ስንደርስ ጉሙ መንገዱን ዋጠው። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ እስኪገልጥ እንጠብቅ አለ። ከመስኮቱ ውጭ ዛፉም፣ ቤቱም፣ በጎቹም ጠፍተው ነጭ ብቻ ሆነ። የሰው ድምፅ እንኳ ከውሃ ሥር የሚመጣ ይመስል ነበር።

አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ሞጣ የምትሠራ ነርስ ነበረች። «አንቺ ልጅ፣ እዚህ ነሽ ወይስ ጉሙ ወሰደሽ?» ብላ ሳቀች። አፍሬ፣ ከእኔ የባሰች ተማሪ አለችኝ አልኳት። ስም ሳልጠራ ሁኔታዋን ነገርኳት።

መሳቋን ተወች። ስጠራት ትሰማ እንደሆነ፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አትሰማም፣ ከንፈሯ ግን ይንቀሳቀሳል አልኳት።

«እናቷስ ምን ይላሉ?»

«ትሄዳለች ነው የሚሉት።»

ወደ እኔ ዞረች። ከዚያ ቀስ ብላ ነገረችኝ። ከቢቸና ልጃቸውን ይዘው የሚመጡ አንዲት እናት አሉ። መውደቁ ቀርቷል ሲሏት፣ «ትምህርት ቤትስ?» ብላ ጠይቃቸው ነበር። «እዚያም ትሄዳለች» አሏት። ትምህርቷን አላቋረጠችም ያሉ መስሏት «እሰይ» አለች። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪሙ መድኃኒቱን ሊቀንስላት አስቧል።

«ሰሙን ይዤ ወርቁን ጣልኩት» አለች። «ለካ ክፍል ውስጥም ራሷን ስታ ትሄዳለች ማለታቸው ነበር። ይኼ እኮ ያው ሕመሙ ነው፤ መጣሉን ትቶ በሌላ በር ገባ።»

እናትየውን ሳላስፈቅድ የልጅቱን ስም ልነግራት አልደፈርኩም። እሷም አልጠየቀችኝ፤ ስልክ ቁጥሯን ብቻ ሰጠችኝ። ጉሙ ሲገልጥ በጎቹ መንገዱ ዳር ቆመው ነበር።

ሰኞ እትዬ ጥሩዬን አስፈቀድኳቸው። ስሟን ለነርሷ ደውዬ ስነግራት ልጅቱ ያቺው ሆነች። በቀጠሮው ቀን ክፍል ውስጥ ያየሁትን ሁሉ ለነርሷ በስልክ ነገርኳት፤ ሐኪሙም መድኃኒቱን መቀነሱን ትቶ ቀየረላት። ነርሷ እኔንም አስተማረችኝ፦ አትነቅንቂያት፣ አትቆጫት፣ ጠብቂያት፤ ስትመለስ የት እንደደረሳችሁ ንገሪያት። አዲሱ መድኃኒት እንቅልፍ ሲያበዛባት ደግሞ እኔ ደወልኩ። እስከዛሬም እንደዋወላለን።

አሁን መሄዷ እየራቀ ነው፤ ክፍል ሳትደግምም አለፈች። አልፎ አልፎ ስትሄድ ልጆቹ ዝም ብለው ይጠብቋታል። ስትመለስ አጠገቧ ያለችው ልጅ ጣቷን ይዛ መስመሩ ላይ ታኖርላትና «እዚህ ነን» ትላታለች።

ያ ጉም ቶሎ ገልጦ ቢሆን ኖሮ እያልኩ እፈራለሁ። ዓይን አፋርነቴ አልለቀቀኝም። ይሁን እንጂ ወላጅ ስለ ልጁ «ትሄዳለች» ሲለኝ፣ እያፈርኩም ቢሆን «ወዴት?» ብዬ እጠይቃለሁ።