የፖስተኛዋ ግማሽ ድምጽ

እህቴን ቲያትር ቤት ውስጥ ሁሉም «ፖስተኛዋ» ይሏታል። የኦፔራ ዘፋኝ ናት፤ ነገር ግን በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ የተሰጣት ሁሉ ደብዳቤ ይዛ የምትገባ ገረድ፣ ወሬ አድርሳ የምትወጣ ጎረቤት፣ አንዳንዴም በር ከፍታ «መጥተዋል» የምትል ሞግዚት ነው። ፖስታ ቤት ተቀጥራ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ኃላፊ ሆና ነበር። ይህን ስላት ትስቃለች። እኔን ግን እየቀለድኩም ያንገበግበኛል፤ ያ ድምጽ ደብዳቤ ለማቀበል የተሰጣት አይደለም።

እኔ እዚያው ቲያትር ቤት፣ ምድር ቤት ባለው የስፌት ክፍል ልብስ ቆራጭ ነኝ። ከገባሁ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖኛል፤ እሷንም መጀመሪያ ለፈተና በጓሮ በር ይዣት የገባሁት እኔ ነኝ። በስምንት ዓመት እበልጣታለሁ። እናታችን ሥራ ስትውል ያሳደግኳት እኔ ስለሆንኩ፣ ዛሬ አርባ አራት ዓመቷ ሆኖም ሲያስነጥሳት ሻርፕ ይዤ እሮጣለሁ። ሰው ነገረኛ ናት ይለኛል። ልክ ነው፣ ነገረኛ ነኝ፤ የእሷ ጉዳይ ሲሆን ደግሞ ይብስብኛል።

ባለፈው ዓመት ድምጿ መሻከር ጀመረ። የጉሮሮ ሐኪሙ የድምጽ አውታሯ ላይ እብጠት አገኘና በቀዶ ጥገና አወጣላት፤ ሁለት ወር ሙሉ አንዲት ቃል እንዳትተነፍስም አዘዛት። ባሏ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው። በሁለቱ ወራት የማቀዝቀዣቸው በር በብጣሽ ወረቀት ተሸፈነ፤ «ጨው አልቋል»፣ «ቧንቧው ያንጠባጥባል»፣ «እንደዚያ አትየኝ»። በትዳር ዘመንህ አግኝተህ የማታውቀውን ጸጥታ አገኘህ ብዬ ብቀልድበት አልሳቀም። አንድ ቀን ሄጄ ኩሽና ውስጥ ለብቻው ቆሞ ወረቀቶቹን ሲያነብ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ በዚህ አልቀለድኩም።

ወራቱ ሲያበቁ ሐኪሙ አየና ቁስሉ ሽሯል፣ መዝፈን ትችያለሽ አላት። መናገሩንስ ተናገረች፤ ስለ ዘፈኑ ስጠይቃት ግን «ቀስ እያልኩ ነው» ትለኝና ወሬ ትቀይራለች። በዚህ መሃል ነው ያልታሰበው የመጣው። ዋናዋ ዘፋኝ አርግዛ ሐኪሟ ከአልጋ እንዳትወርጂ ሲላት፣ የሙዚቃ መሪው በሚመጣው ኦፔራ ውስጥ የጀልባ ቀዛፊውን ሚስት ቦታ ለእህቴ ሰጣት። ሦስት ምሽት ነው፤ ሐሙስ፣ ቅዳሜና እሁድ። ስሟ በትልቁ ማስታወቂያ ላይ ከሁሉ በላይ ተጻፈ። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ደብዳቤ የሚቀርብላት ሰው ሆነች። ባሏ ማስታወቂያውን ሦስት ጊዜ ፎቶ አነሳው። እኔ ደስ ሊለኝ ሲገባ ልቤ ተሰቀለ፤ ለምን እንደሆነ ግን ገና አላወቅኩም ነበር።

ዘፋኞች ትርኢት ሲቃረብ ድምጻቸውን ይቆጥባሉ። በልምምድ ላይ በግማሽ ድምጽ፣ ከፍ ያለውን ዝቅ አድርገው፣ ለራሳቸው እንደሚያንጎራጉር ሰው ሆነው ያልፉታል። የሙያው ወግ ነው። «ለምን ሙሉውን አትዘፍኚም?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። እህቴ አምስት ሳምንት ሙሉ በዚህ ወግ ሥር ተጠለለች። አንድም ቀን ሙሉ ድምጿን አላወጣችም። መጀመሪያ ላይ ጥንቃቄዋን አደነቁላት፤ በኋላ ላይ ግን አድናቆቱ እየቀነሰ ሹክሹክታው በረከተ።

የኛም ክፍል የራሱ ወግ አለው። የዘፋኝ ቀሚስ እንደ ሙሽራ ቀሚስ አይለካም። ደረቷን ሁለት ጊዜ እንለካለን፤ አንዴ ትንፋሿን አስወጥታ፣ አንዴ ልትዘፍን እንደተነሳች ትንፋሿን ሞልታ። የሚቆረጠው በሁለተኛው ነው። የእህቴ ልዩነት ከጥንት ጀምሮ ሰባት ሳንቲሜትር ነው፤ እንደ ስልክ ቁጥሬ አውቀዋለሁ። ለዚህ ቀሚስ ስለካት ግን ሜትሩ ሦስት አለ። ሥራ በዝቶብኝ ቀና ብዬ እንኳ ሳላያት ሦስት ብዬ ጻፍኩ፣ በሦስት ቆረጥኩ፣ ገበር አስገብቼ ሰፋሁት። ለጀማሪዎች «ሜትሩን ብቻ አትመኑ፣ የለበሰችውን ሴት እዩ» እያልኩ የኖርኩ ሰው ይህን ሠራሁ።

በሳምንቱ ቀሚሱን ከድሮው የልክ ካርዷ ጋር ሳመሳክር ደሜ ቀዘቀዘ። መጀመሪያ ራሴን ረገምኩ። ቆይቶ ደግሞ ከዚያ የባሰው ታየኝ። ሜትሩ አልተሳሳተም፤ ትንፋሿን ያልሳበችው እሷ ናት። እፊቴ ቆማ፣ እኔ ሜትር ይዤ ዙሪያዋን ስዞር፣ ትንፋሽ መሙላት ፈርታለች። አስጠራኋትና በሩን ዘግቼ ጠየቅኳት። ማሽን ላይ የቀረውን ክር እስከ ጫፉ ጠቀለለች።

«እፈራለሁ እትዬ» አለች በመጨረሻ። «ከቀዶ ጥገናው ወዲህ አንዴም ሞክሬው አላውቅም። እስካልዘፈንኩ ድረስ ድምጼ አለ። ከዘፈንኩና ከሌለ ግን፣ በቃ፣ የለም።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብዬ ልቆጣት አፌን ከፍቼ ነበር። ፊቷን ሳይ አንጀቴን በላችውና ዘጋሁት። የቀሚሱንም ጉድ አልነገርኳት፤ በስጋቷ ላይ ስጋት ልጨምርባት አልፈለግኩም። እሷ ስትወጣ የግራና የቀኝ ስፌቱን ፈታሁ። ደግነቱ ትርፍ ጨርቅ ሳልተው አልቆርጥም፤ አምስት ሳንቲሜትር አላላሁት። አሁን ቀሚሱ ከልኳም ትንሽ ያለፈ ሆነ። ለማንም አልተናገርኩም።

ቅዳሜ የክፍላችን ኃላፊ አንድ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ለተተኪዋ ዘፋኝ ሁለተኛ ቀሚስ እንድቆርጥ የሚያዝ ነው። መሪው ማክሰኞ ጠዋት፣ በሙሉ ልብሱ ልምምድ ላይ፣ ሙሉ ድምጽ ካልሰማ ሐሙስ የምትወጣው ተተኪዋ ናት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ኮሪደሩ ሁሉ ሲያወራው የሰነበተውን እህቴ የሰማችው ከሁሉ በኋላ ነበር። ተተኪዋን ለካኋት። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ጨዋ ልጅ ናት፣ ክንዷን ስታነሳ ይቅርታ ጠየቀችኝ። ትንፋሿን ስትሞላ ሜትሩ ከእጄ ሊያመልጥ ደረሰ። ምንም ያጠፋችው የለም፤ እኔ ግን እስከ ማክሰኞ ድረስ ጠላኋት።

ሰኞ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ማክሰኞ ጠዋት እንደ ወትሮው መቀሴን በአንገቴ አንጠልጥዬ፣ ከመድረኩ ጎን ከመጋረጃው ጥግ ቆምኩ። የመጀመሪያውንም የሁለተኛውንም ክፍል በግማሽ ድምጽ አለፈችው። መሪው የሚጠብቀው ሦስተኛውን ነው። እዚያ ላይ ጎርፍ መጥቶ የቀዛፊው ሚስት ከወንዙ ማዶ ያለውን ባሏን ትጣራለች። ጥሪው ረጅምና ከፍ ያለ ነው፤ እሱን በግማሽ ድምጽ ማለፍ አይቻልም።

አፏን ከፈተች። የወጣው አየር ብቻ ነበር። ኦርኬስትራው ጥቂት ብቻውን ሄዶ ቆመ። መሪው ዘንጉን አስቀመጠ። እህቴ እጇን ጎኗ ላይ እንዳደረገች ጎንበስ ብላ ቀረች። አዳራሹ ውስጥ ተተኪዋ ኮቷን ስታወልቅ አየሁ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል፤ ያ ሁሉ የፈራሁት እዚያ ቆሞ ነበር። ቀሚሱ እንዳልያዛት አውቃለሁ፣ ራሴ አላልቼዋለሁ። የያዛት ፍርሃት ነው። አሁን ከዚህ መድረክ ከወረደች ደግሞ ዳግመኛ እንደማትወጣበት አውቃለሁ።

እግሬ ቀድሞኝ ወጣ። በነጠላ ጫማ፣ ስልሳ ሙዚቀኛ እያየኝ፣ መድረኩ መሃል ድረስ ሄጄ ዓይኔን በጨው አጥቤ ዋሸሁ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ፣ መሪው እንዲሰማ ጮክ ብዬ። «ልኩን ተሳስቼ አጥብቤ ሰፍቼዋለሁ። በዚህ ቀሚስ እንኳን መዝፈን መተንፈስም አይቻል።»

መቀሱን በጀርባዋ አስገብቼ ከአንገቷ እስከ ወገቧ ቀደድኩት። የጨርቁ ድምጽ እስከ መጨረሻው ወንበር ተሰማ። ኃላፊዋ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። መሪው ሃያ ስድስት ዓመት የሠራ ሰው ልክ መውሰድ እንዴት ያቅተዋል ብሎ ሰው ሁሉ ፊት ጠየቀኝ። በሥራዬ ማንም እንደዚያ ተናግሮኝ አያውቅም። አንገቴን ደፋሁና በጆሮዋ «አሁን ሳቢ፣ የሚይዝሽ የለም» ብያት ወደ ጥጌ ተመለስኩ።

ትንሽ ቆማ፣ ጀርባዋን ብርድ እየመታው፣ ትንፋሿን ሳበችና ተጣራች።

የድሮው ድምጽ አልነበረም። ያኛው ብሩህ ነበር፤ ይሄኛው ጠቆር ይላል፣ ጫፉ ላይም ታጥቦ እንዳልተተኮሰ ጨርቅ ትንሽ ይሻክራል። ግን አለ። ከታች ተነስቶ፣ መሃል ላይ ለቅጽበት ተንገዳግዶ፣ ደግሞ ራሱን ይዞ ወጣ። መጨረሻ ረድፍ ላይ ወንበር ትጠርግ የነበረችው የጽዳት ሠራተኛ መጥረጊያዋን ይዛ ቆመች። እኔ አለቀስኩ፣ ምን ይደበቃል። መሪው እስከ መጨረሻው አላስቆማትም፤ ሲያበቃም «ሐሙስ እንዲሁ» ብቻ አለ። መጀመሪያ ያጨበጨበችው ተተኪዋ ነበረች። ያን ጊዜ ስለጠላኋት አፈርኩ።

ኃላፊዋ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጠችኝ። ከእንግዲህ የምወስደውን ልክ ሌላ ቆራጭ እያየ ያጸድቀዋል፤ እሱም እኔው ያስተማርኩት ነው። አንብቤ ፈረምኩ። እውነቱን መናገር ፈልጌ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት።

ከሰዓት በኋላ በእህቴ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ የቀደድኩትን ጀርባ በእጄ እሰፋ ነበር። እሷ መስታወቱ ፊት ሆና ቀለሙን ከፊቷ ትጠርጋለች።

«እትዬ» አለችኝ፣ በመስታወቱ ውስጥ እያየችኝ። «ጠዋት ስለብሰው እኮ ሰፍቶኝ ነበር።»

መርፌዬ ቆመ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ስትዋሺ እንደሰማሁሽ ወዲያው ገባኝ አለች፤ የአንቺ ስም እንደዚያ ሲዋረድ ሰምቼ የኔ ድምጽ ቢሰበርስ ምን ሊሆን ነው ብዬ ነው አፌን የከፈትኩት አለች። ከዚያ ጥጡን አስቀምጣ ወደ እኔ ዞረች።

«ሐሙስስ ምን ልትቀጂ ነው?»

ሐሙስ ሰባት መቶ ሰው ይቀመጣል። እኔ ከመጋረጃው አልፌ አንዲት እርምጃ መራመድ አልችልም። የማጽናኛ ውሸት ብፈልግም አጣሁ።

«ሐሙስ የምቀደው የለኝም» አልኳት።

ጥጡን መልሳ አነሳች።

«እንግዲያው መዝፈን ነዋ» አለች።