በማን ወጣች

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው። መምህር ሲጠይቀኝ መልሱን እያወቅሁ አፌ ይተሳሰርብኝ ነበር፤ ተነስቼ መቆሙ ሲብስብኝ ተውኩት። አሁን የምጽፈውም በአፌ መጠየቅ ያቃተኝን ነው።

እናቴ ጉልበቷን የጨረሰችው አቃቂ፣ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሽመና ክፍል ውስጥ ነው። እዚያ ማሽኖቹ ሲንኳኩ ጎን ለጎን የቆሙ ሰዎች እንኳ ካልተጯጯሁ አይደማመጡም። እሷም ጩኸቱን ይዛው ቤት ገብታለች። «ጨው አቀብይኝ» ስትለኝ ለጎረቤት ጠብ የተነሳ ይመስለዋል። የግቢዋ ሴቶች ገና በሩን ስትከፍት «ሬዲዮው መጣ!» ብለው ይሳሳቃሉ። እኔን ደግሞ «አንቺስ? ድምፁን ሁሉ እሷ ጨርሳብሽ ነው?» ይሉኛል። አብሬ ፈገግ እላለሁ። ልጅ ሆኜ ግን በተናገረች ቁጥር የተቆጣችኝ እየመሰለኝ አልጋ ሥር እገባ ነበር።

አሁን የአራት ዓመት ልጅ አለችኝ። ብቻችንን ስንሆን በሹክሹክታ ታወራኛለች፤ ሰው ካለ አንዲት ቃል አይወጣትም። መዋዕለ ሕፃናት በገባች በሦስተኛው ወር መምህሯ አስጠራችኝ።

«እስከ ዓመቱ መጨረሻ ካልተናገረች ለከርሞ አንቀበላትም። ለመሆኑ ይቺ ልጅ በማን ወጣች?»

አፌን ከፈትኩ፣ ምንም አልወጣም። መሬት መሬቱን አየሁ።

«በቃ፣ ገባኝ» አለች መምህሯ።

ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲው መውረጃችን ደረሰ። «ወራጅ አለ» ማለት ነበረብኝ። አልቻልኩም። ሁለት ፌርማታ አልፈን ሌላ ሰው ሲወርድ ወረድንና በእግራችን ተመለስን። ልጄ እጄን ይዛ ሽቅብ ታየኝ ነበር። እሷ ላይ አንድ ቀንም ጮኼባት አላውቅም። ዝምታው የእናቴ ጩኸት ያመጣብኝ ቢሆን ኖሮ ልጄ ማውራት ነበረባት። ወይ በደሜ ሰጥቻታለሁ፣ ወይ እንዲህ እያየችኝ ተምራዋለች። በሁለቱም በኩል ያለሁት እኔ ነኝ።

አንድ ነገር ብቻ ማወቅ ፈለግሁ፤ ጩኸቱን መለየት ሳልጀምር፣ ገና በጡት ሳለሁ፣ አለቅስ፣ እንጫጫ ነበር? ከነበረ ዝምታው ከደሜ አይደለም፤ ከልጄም ውስጥ አንድ የታፈነ ድምፅ ይኖራል። ይህን የሚያውቅ ሰው እናቴ ብቻ ናት።

እሑድ ልጄን ይዤ ሄድኩ። የእናቴን ጆሮ ማሽኖቹ ጨርሰውታል። ፊደልም ስላልቆጠረች በወረቀት ልጠይቃት አልችልም። ድሮ በፋብሪካው ከንፈር አይታ የሰውን ንግግር ትለይ ነበር፤ የእኔ ከንፈር ግን ብዙም አይንቀሳቀስም። የግቢው ሴቶች ደጅ ላይ ልብስ እያጠቡ ነበር። ወደ ጆሮዋ ተጠግቼ ጠየቅኋት። ደገምኩላት። ለሦስተኛ ጊዜ ስጠይቃት የራሴ ድምፅ ለራሴም አልተሰማኝም። ልጄ ቀሚሴን ጨብጣ አንዴ እኔን፣ አንዴ አያቷን ታያለች። እናቴ ፊቷን ወደ እኔ አስጠግታ፣ ደጅ ያሉት ሁሉ ዞር እስኪሉ ድረስ ጮኸች፦

«ምን አልሽኝ? ጮክ በይ እንጂ፣ ልጄ!»