ኢየሩ የራሷን ለቅሶ የሰማች ቀን

የዚያን ቀን ጉሙ ከእንጦጦ ወርዶ ሰፈራችንን ዋጠው። ነሐሴ ነበር። በራፌ ላይ ቆሜ አሥር እርምጃ የማይርቀው የጀዊሪያ ሱቅ አይታየኝም። የዕድሩ ድንኳን ብቻ በጉሙ መሃል ነጭ ሆኖ ቆሟል፤ መሬት የነካም አይመስልም ነበር።

ድንኳኑ የተተከለው ለኢየሩ ነው። ኢየሩ ጎረቤቴ ናት፤ ግድግዳችን አንድ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ዊንጌት ትምህርት ቤት በር ላይ ቅቅል ድንች በዳጣ ሸጣለች። እኔ ትምህርት ያቋረጥኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው፣ እሷ ከአራተኛ። «አንቺ ምሁር» እያለች ትተርበኛለች።

ልቧ መታመሙን ያወቅነው ዳገቱ ሲያቅታት ነው። በልጅነቷ ሳይታከም የቀረ የጉሮሮ ሕመም ያመጣው ነው አሉን ሐኪሞቹ። ቀዶ ሕክምና ተደርጎ የልቧ ቫልቭ ካልተቀየረ ዓመቱን አትጨርስም። ቫልቩን የሚገዛው ታማሚው ነው። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተከፈለ ደግሞ ተራዋ ለሌላ ሰው ይሰጣል።

የዕድራችን ዳኛ ጋሽ ዓምሃ ዘንድ ሄድኩ።

«ልጄ፣ ደንቡ ለሞተ እንጂ ለታመመ አይከፍልም» አሉኝ። መነጽራቸውን አውልቀው ብዙ ጠረጉት። «ድንኳኑንና ወንበሩን ግን ውሰጂ። ሰው ሰብስቡበት።»

ሽሮ ሠርተን፣ የመጣ ሰው ቀምሶ የቻለውን እንዲሰጥ አሰብን። የኢየሩ ፎቶና የባንክ ቁጥሯ ያለበት ባነር በጠዋት ሊደርስልን ነበር፤ መብራት ጠፍቶ ሳይታተም ቀረ። ድንኳኑ ምንም ሳይለጠፍበት ቆመ። ምን እንደሚመስል ማናችንም አላሰብንም።

መጀመሪያ የደረሱት ከቁስቋም ቅዳሴ የሚመለሱ ሴቶች ናቸው። የኢየሩ በር ላይ ድንኳን ሲያዩ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ጮኹ። የእነሱን ጩኸት የሰማ ሌላው ወጣ። እሱም ጮኸ።

እኔ ኢየሩ አጠገብ ነበርኩ። ጋደም ስትል ትንፋሽ ስለሚያጥራት በሦስት ትራስ ተደግፋ ነው የምታንቀላፋው። ዓይኗን ገለጠች።

«ሞቻለሁ እንዴ?»

«ገና ነሽ።»

«ታዲያ ማንን ነው የሚያለቅሱት?»

«አንቺን። ድንኳኑን አይተው ነው። ቆይ ወጥቼ ልንገራቸው።»

እጄን ያዘችኝ። ጣቶቿ በረዶ ነበሩ። «ተያቸው። ትንሽ ልስማ።»

ቁጭ አልኩ። ጉሙ በበሩ ስንጥቅ እየገባ ክፍሉን ሞላው፤ ድምፆቹ ከውኃ በታች እንደሚመጡ ሆኑ። እኛ የት እንዳለን፣ እነሱ የት እንዳሉ ጠፋብኝ። አንዷ የኢየሩን የእጅ ሙያ እያነሣች ታለቅሳለች፣ አንዷ ሳቋን።

«እንደ ማር ነበረች!» አለች ሌላዋ።

«ዳጣሽ አንጀቴን አቃጠለው እያለች ስትሰድበኝ የከረመች» አለች ኢየሩ፣ ዓይኗን ጨፍና እየሳቀች።

ከዚያ የወንድ ድምፅ መጣ። ወንድሟ ዮፍታሔ ነው፤ ሞተች ብለው ደውለውለት ኖሯል። እዚሁ ቅርብ አዲሱ ገበያ እየኖረ፣ በእናታቸው ቤት ምክንያት ከተጣሉ ወዲህ ሰባት ዓመት ደጇን አልረገጠም። መታመሟን በስልክ ስነግረው ጆሮዬ ላይ ዘግቶብኛል።

«እህቴ! ስልኩን የዘጋሁት እኔ ነኝ! እኔ ልቅደምሽ!» ደረቱን ሲደቃ ይሰማል።

ኢየሩ መሳቋን ተወች። «አንሺኝ» አለችኝ።

ደግፌያት ወጣን። ለቅሶው ቀጥ አለ። አንድ ወንበር ወደቀ፤ አንዲት አሮጊት አማተቡ። ዮፍታሔ ጭቃው ላይ ተንበርክኮ ነበር።

«ነፍስሽ ናት?» አላት።

«ነፍስ ብሆን ትንፋሽ ያጥረኝ ነበር? ተነሥ፣ ሱሪህ ተበላሸ።»

ሰው ሁሉ መልሶ ማልቀስ ጀመረ፣ አሁን ከሳቅ ጋር። ጀዊሪያ ከሱቋ ብቅ ብላ፣ «ጋሽ ዓምሃ፣ እንግዲህ ተለቅሶላታል! ደንቡ ምን ይላል?» አለች።

ከሰዉ መሃል የነበሩት ጋሽ ዓምሃ አልሳቁም። መዝገቡን አስመጥተው ድንኳኑ መሃል ቆሙ።

«ለቀብሯ የምንከፍለውን ዛሬ እንክፈላት» አሉ። «ስሟ ግን ከሟቾች ጋር ይጻፋል። ሁለተኛ ድንኳን የለም። ኢየሩ፣ ትስማሚያለሽ?»

«ከዚህ የበለጠ ለቅሶ ከየት አመጣለሁ?» አለች።

የሁሉም እጅ ወጣ። የዕድሩ ገንዘብ ብቻውን አይበቃም ነበር፤ ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት ጨመሩበት። የጎደለውን ዮፍታሔ ሞላ፤ ከየት እንዳመጣው አልነገረንም። ወሩ ሳያልቅ ተከፈለ። መስከረም ላይ ደረቷ ተከፍቶ ቫልቩ ሲገባላት፣ ሆስፒታሉ በር ላይ ቁጭ ብሎ ያደረው እሱ ነው።

ባነሩ በማግስቱ መጣ። ማን ይለጥፈዋል? እኔ ጣራዬ በሚያፈስበት በኩል ከውስጥ ወጠርኩት። ክረምት ሲሆን ከአልጋዬ ሆኜ ፊቷን አየዋለሁ፤ ዝናቡ በላይዋ ሲሄድ የምታወራ ይመስለኛል፤ ያም ቀን ሕልም ነበር እላለሁ። እኔ ብዙ ነገር ሕልም ይመስለኛል፤ ድካም ይሆናል።

ስሟ ዛሬም ዕድሩ መዝገብ ላይ ከሟቾች ጋር ነው። እሷ ዊንጌት በር ላይ ድንች ትሸጣለች። ደም የሚያቀጥን ኪኒን በየቀኑ ትውጣለች፤ ዳገቱን ሁለት ጊዜ አርፋ ትወጣለች።